ያባት ዕዳ ለልጅ እንዳይተላለፍ፤ ስለ ጋሞ ገበሬና ስለ ልጆቹ ኑሮ

የአንድ አገር ልማት የሚለካው በጎተራው ሙላት ብቻ አይደለም፤ ከድኻ አባት የተወለደ ልጅ በጥረቱ ከአባቱ የተሻለ ኑሮ ለመኖር መቻሉም መለኪያ ነው። ልጅ ከአባቱ መሬት ጋር የአባቱን ችግር አብሮ የሚወርስ ከሆነ፥ ዝናሙ ቢዘንምም አዝመራው ቢያምርም አገሩ በቆመበት ቀረ ማለት ነው። ለዚህ ነገር የጋሞ አገር መልካም ምሳሌ ይሆናል፤ ደጋውና ቆላው ተቀራርበው ስለሚገኙ፥ ከአያት እስከ ልጅ ልጅ የሆነው የኑሮ ለውጥ ጐልቶ ይታይበታልና።

በ19ኛው ምዕተ ዓመት መጨረሻ የዳግማዊ ምኒልክ ሠራዊት አገሩን ከያዘ በኋላ፥ የጋሞ ገበሬ እንደ ሌላው የደቡብ ገበሬ በገባርነት ሥርዓት ውስጥ ገባ። ገባሩ ከምርቱ ይከፍላል፥ በሹሙ እርሻ ይሠራል፥ እንጨት ይፈልጣል፥ አጥር ያጥራል። ይህም ግዴታ ከአባት ወደ ልጅ ይሻገር ስለ ነበር፥ የገባር ልጅ ገባር ሆኖ ይቀር ነበር። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ የገጠርን መሬት የሕዝብ ሀብት አድርጎ ጭሰኝነትን ሻረ፤ የአንድ ቤተሰብ ይዞታም ከ10 ሄክታር እንዳይበልጥ ወሰነ። ነገር ግን አዋጅ ዕዳን ይሽራል እንጂ መሬትን አያሰፋም። የደጋው ሰው ቀንበሩ ከወረደለት በኋላም የመሬቱ ጥበት አልለቀቀውም።

በጨንቻ፥ በዶርዜና በዶኮ ደጋ ገበሬው እንሰት ይተክላል፥ ገብስ ይዘራል፤ ተዳፋቱንም በእርከን እየያዘ አፈሩን ይጠብቃል። ሕዝቡ ብዙ፥ መሬቱ ግን ጥቂት ነው። በአገሩ ልማድ ለበኵር ልጅ ቅድሚያ ይሰጣል፤ የአባቱን ቤትና የአባቱን ክብር የሚይዘው እርሱ ነው። ታናናሾቹ የሚደርሳቸው ቁራሽ መሬት ቤተሰብ የማያኖር ሲሆን፥ ኑሯቸውን ሌላ ስፍራ ለመፈለግ ይገደዳሉ። እንዲህ ሆኖ የታናሹ ልጅ ችግር የአገሩ ሁሉ የለውጥ በር ሆነ።

የመጀመሪያው በር ሽመና ነው። ሴቶቹ ጥጥ ይፈትላሉ፥ ወንዶቹ ይሸምናሉ። ብዙ የጋሞ ሸማኔዎችም ወደ አዲስ አበባ ሄደው በሽሮ ሜዳ አካባቢ ሰፈሩ። ለሸማኔ ካፒታሉ እጁና ዕቃው ስለሆነ፥ መሬት ያልደረሰው ልጅ በመወርወሪያው ገንዘብ አገኘ፤ ከሸማኔነትም ወደ ሸማ ነጋዴነት የተሻገረ አለ። በቀድሞው ልማድ ሀብት ያገኘ ሰው ወደ አገሩ ተመልሶ ትልቅ ድግስ በመደገስ የሀላቃነትን ማዕርግ ይቀበል ነበር፤ በንግድ የተገኘው ገንዘብ በዚህ መንገድ ወደ ክብር ይለወጥ ነበር ማለት ነው።

ነገር ግን ይህ በር ስውር ጉድጓድ አለበት። ትንሽ ልጅ ሙያ ይማራል፥ ትምህርት ቤትም ይገባል እየተባለ ከደጋው ወደ ከተማ ይወሰድና፥ ቀኑን ሙሉ ከሽመና ጉድጓድ ሳይወጣ ያድጋል። ወሳጁ ዘመድ ወይም ያገር ሰው ስለሆነ አባት አይጠረጥርም። ልጁ ፊደል ሳይቈጥር ጐልማሳ ሲሆን፥ አባቱን ያስቸገረው ድኽነት መልኩን ለውጦ በእርሱም ላይ ይቀመጣል።

ሁለተኛው በር ቆላው ነው። በ1950ዎቹ ዓ.ም. የጋሞ ጎፋ ጠቅላይ ግዛት ዋና ከተማ ከጨንቻ ወደ አርባ ምንጭ ሲዛወር፥ ሲቀላ የታችኛው ከተማ የገበያ ስፍራ ሆነ። አስቀድሞ የደጋ ሰው ወባን ፈርቶ ወደ ቆላ ለመውረድ ያመነታ ነበር። መንገዱ ሲጠረግ፥ ሕክምናውም ሲቀርብ፥ በላንቴ፥ በጫኖና በሼሌ የሐሬንና የሲሌን ወንዞች በቦይ እየጠለፈ ሙዝ ተከለ። ሙዝ አንድ ጊዜ ከያዘ ዓመቱን ሙሉ ገንዘብ ያስገባል፤ ስለዚህ በደጋ ቁራሽ መሬት ያልበቃው የታናሽ ልጅ ቤተሰብ በቆላ የቈርቈሮ ቤት ሠርቶ ልጆቹን እስከ ዩኒቨርሲቲ ያስተማረበት አለ። ሆኖም ሙዝ ቶሎ ይበላሻልና ገበሬው ዋጋ ሳይጠብቅ ለደላላ እንዲሸጥ ይገደዳል፤ በቦዩ ጫፍ ያለው ገበሬም ውሃ ሲያንስ የመጀመሪያው ተጐጂ እርሱ ነው።

ሸክላ ሠሪውና ቆዳ ፋቂው ግን ሁለቱም በሮች ዘግይተው ተከፈቱላቸው። እነዚህ ባለሙያዎች በጥንቱ ልማድ መሬት አይይዙም፥ በዱቡሻ ከዜጎቹ ጋር ተቀምጠው አይመክሩም፥ ከገበሬውም ጋር አይጋቡም ነበር። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለሙያ እንዳይሰደብ በአዋጅ ከልክለው ነበር፤ የ1967ቱም አዋጅ በመሬት ረገድ ልዩነትን አልፈቀደም። ይሁን እንጂ ሕግ ያነሣውን ነውር የሰው ልብ ቶሎ አይጥለውም። የገበሬ ልጅ ከድኽነት ለመውጣት ሀብት ይበቃዋል፤ የሸክላ ሠሪ ልጅ ግን ሀብቱ ላይ የጎረቤቱ አክብሮት ካልታከለበት መንገዱ እኩሌታ ሆኖ ይቀራል።

ከዚህ ሁሉ በኋላ የወረዳና የቀበሌ ሹማምንት ሊሠሩት የሚገባው ሥራ ግልጥ ነው። አንደኛ፥ የትምህርት ቤቱን መዝገብ እየመረመሩ በመካከል የጠፋውን ልጅ ወዴት እንደ ሄደ አባቱን ይጠይቁ፤ ወደ ሽመና የተወሰደ ከሆነ ከነወሳጁ ይፈልጉት። ሁለተኛ፥ የመስኖ ውሃ በተራ እንዲደርስ፥ ተራውም በጉልበትና በዝምድና እንዳይሰበር ይጠብቁ። ሦስተኛ፥ የሙዝ ገበሬዎች በማኅበር ሆነው እንዲሸጡ ያግዙ። አራተኛ፥ የባልቴትና የሙት ልጅ ይዞታ በስማቸው እንዲጻፍ፥ የሸክላ ሠሪውም ቃል በጉባኤ እንዲሰማ ያድርጉ።

ይህ ሁሉ ትልቅ ገንዘብ የሚጠይቅ ሥራ አይደለም፤ ትጋትንና እውነተኛ ፍርድን ይጠይቃል። ያባት ዕዳ ለልጅ የሚለው ቃል በገባርነት ዘመን በሕግ የጸና ነበር፤ ሕጉ ከተሻረ በኋላ በቸልታ እንዳይጸና መጠበቅ የሹሙ ድርሻ ነው።