«ቅጽር» እና «ካስል»፦ መመሳሰል ሁሉ ዝምድና ነውን?

ከጥቂት ዓመታት በፊት አርባ ምንጭ ውስጥ የቃላትን ታሪክ ሳስተምር አንድ ስሕተት ሠርቻለሁ። የዐረብኛው «ቀስር» (ቤተ መንግሥት) ከላቲን የመጣ መሆኑን ካስረዳሁ በኋላ፣ የግእዙን «ቅጽር»ም ከዚያው ምንጭ የተቀዳ አድርጌ በሰሌዳው ላይ ጻፍሁ። አንድ ተማሪ እጁን አውጥቶ፣ «መምህር፣ ታዲያ ‹ቀጸረ› የሚለው ግስ ከወዴት መጣ?» ሲል ጠየቀኝ። መልስ አልነበረኝም። ይህ ጽሑፍ የዚያን ቀን ዕዳዬን ለመክፈል የተዘጋጀ ነው።

በላቲን «ካስትሩም» ምሽግ፣ ብዙ ቁጥሩ «ካስትራ» ደግሞ የጦር ሰፈር ማለት ነው። ትንሹ ምሽግ «ካስቴሉም» ይባላል። የጣሊያንኛው «ካስቴሎ»፣ የስፓንኛው «ካስቲዮ»፣ የፈረንሳይኛው «ሻቶ» እና የእንግሊዝኛው «ካስል» የዚህ የ«ካስቴሉም» ልጆች ናቸው። ቃል ሲሰደድ ትርጉሙም አብሮ ሊለወጥ ይችላል፤ በቼክኛ «ኮስቴል» የሚባለው ግንብ ሳይሆን ቤተ ክርስቲያን ነው። በሌላ በኩል «ካስትሩም» በግሪክኛና በአራማይክ በኩል አልፎ በዐረብኛ «ቀስር» እንደሆነ ብዙ ሊቃውንት ይስማማሉ። ዐረቦች ወደ ስፔን ሲሻገሩ ቃሉን ከነመስተአምሩ ይዘውት በመሄዳቸው «አልካሳር» ተባለ። ስለዚህ ስፓንኛ አንዱን ቅድመ አያት በሁለት መንገድ ተቀብሏል ማለት ነው።

ወደ «ቅጽር» እንመለስ። በግእዝ «ቀጸረ» ማለት አጠረ፣ ዙሪያውን ከበበ ማለት ነው። «የቤተ ክርስቲያኑ ቅጽር» ስንል ሕንጻውን ሳይሆን በዙሪያው ያለውን አጥር ማለታችን ነው። «ጸጉር» «ጠጉር» እንደሚባል ሁሉ፣ «ቅጽር»ም በአማርኛ «ቅጥር» ሆኗል። በእርግጥ ግስ መኖሩ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም፤ «ፊርማ»ን ከጣሊያንኛ ወስደን «ፈረመ» ብለናልና። ይሁን እንጂ እነዚሁ ሦስት ተነባቢዎች በዐረብኛም መገደብን የሚያመለክት ግስ ስላላቸው፣ «ቅጽር» ያለ ላቲን ርዳታ ሊብራራ ይችላል። የማስረዳቱ ሸክም የሚወድቀው በውሰት ባዩ ላይ ነው።

የትርጉም መመሳሰልም እንዲሁ ያታልላል። በጀርመንኛ ቤተ መንግሥትም ቁልፍም «ሽሎስ» ይባላሉ፤ ሥሩ መዝጋት ነው። የእኛ «ቅጥር»ም ያንኑ የመከለል ሐሳብ ይዟል፤ ዝምድና ግን የላቸውም። በአንጻሩ ጎንደር ላይ ዐፄ ፋሲል በ17ኛው ምዕተ ዓመት (እ.ኤ.አ.) የጀመሩት ሥፍራ «ፋሲል ግቢ» ይባላል። «ግቢ» የተገኘው ከ«ገባ» ነው። አንዱ በሚዘጋው፣ ሌላው በሚያስገባው ተሰየመ።

ይህን የማነሣው ስለ አውሮፓ ግንቦች ብቻ ብዬ አይደለም። የጋሞ ተወላጅ ተማሪዎቼ የቋንቋቸውን ቃላት ሲሰበስቡ፣ ከአማርኛ ጋር የተመሳሰለውን ሁሉ «ውሰት» ብለው ሲመዘግቡ አያለሁ። ጥፋቱ በከፊል የእኛ የመምህራኑ ነው። ቃሉን ማን አመጣው? በየትኛው መንገድ? በተቀባዩ ቋንቋ ውስጥ ቤተሰብ አለው ወይ? እነዚህ ሳይጠየቁ የሚሰጥ ፍርድ አንድን ቋንቋ የራሱን ሀብት ያሳጣዋል። ያ ተማሪ ያስተማረኝ ይህንኑ ነው።