የክፉ ቀን ዕቃ፤ የሚታመነውና የሚከዳው



የ2012 ዓ.ም. ሰኔ ማብቂያ ለአምቦ ሰው የሚረሳ አይደለም። ድምፃዊ ሃጫሉ ሁንዴሳ ሰኔ 22 ቀን አዲስ አበባ ላይ ተገድሎ ሰኔ 25 ቀን በትውልድ ከተማው ተቀበረ። በእነዚያ ቀናት ብዙ ቤተሰብ ደጁን ዘግቶ ተቀመጠ። ኢንተርኔትም ከሰኔ 23 ጀምሮ በመላ አገሪቱ ለሳምንታት ተቋረጠ። እኛ ቤት ያለውን ስንቆጥር አንድ ጀሪካን ውኃ፣ ግማሽ ማዳበሪያ ጤፍና ከገበያ የገዛነው አንድ የእጅ ባትሪ ነበረን። ባትሪው ላይ በትልቁ «9900» የሚል ተጽፎበታል። በሁለተኛው ሌሊት ትንሿ ልጃችን ትኩሳት ይዟት ስናስታምም ደበዘዘና ጠፋ። ሌሊቱን በስልክ ብርሃን ገፋነው፤ ሊነጋ ሲል የስልኩም ቻርጅ አለቀ።

በኋላ ቁጥሩን ስንመረምር ያፈርነው በራሳችን ነው፤ ፊዚክስ ተምረናልና። በእነዚህ ባትሪዎች ውስጥ የሚገባው አውራ ጣት የሚያህለው የሊቲየም ድንጋይ ጥሩ የሚባለው እንኳ የሚይዘው 3,500 ሚሊአምፔር ሰዓት ገደማ ነው። በአንድ ድንጋይ ላይ 9900 ብሎ የጻፈ ሰው ዋሽቷል። ሻጩን ጠይቀነው ነበር፤ «ኡስታዝ፣ እኔም ያመጣሁት እንደተጻፈበት ነው» አለን፤ ምናልባትም እውነቱን ነው።

ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) በገበያ ሲያልፉ እጃቸውን ወደ እህል ክምር አስገብተው እርጥቡ ከሥር መሆኑን ባገኙ ጊዜ ሻጩን መገሠጻቸውን ሁላችንም ተምረናል። ከዚህ ታሪክ ለሻጭ የሚሆነው ትምህርት ዘወትር ይነገራል። ገዢም እጁን ወደ ክምሩ ቢያስገባ ይበጀዋል እንላለን። የፀሐይ ፋኖስ ስትገዙ የዋስትና ወረቀት ጠይቁ፤ ቬራሶል የሚባለው የጥራት ምርመራ ያለፈ መሆኑንም እዩ። ይህ ምርመራ የዓለም ባንክ ቡድን የጀመረው የላይቲንግ ግሎባል ሥራ ተከታይ ነው። ከሁሉ በላይ ግን ዕቃውን እቤት ወስዳችሁ ሙሉ ቀን ፀሐይ አስመቱትና ማታ አብርታችሁ ሰዓት ያዙ። አምስት ሰዓት የተባለው ሁለት ሰዓት ካበራ ዋስትናው ሳያልፍ መልሱት።

ስለ ውኃ ደግሞ። ቢጫውን ጀሪካን የማያውቅ የለም፤ ጥያቄው ቀድሞ ምን ነበረበት ነው። የምግብ ዘይት ከሆነ በሙቅ ውኃና በሳሙና ይጸዳል። የፀረ አረም ወይም የፀረ ተባይ መድኃኒት የነበረበት ዕቃ ግን ሺህ ጊዜ ቢታጠብ ለመጠጥ አይሆንም። በጊንጪና በጉደር ገበያ ባዶ ዕቃ ስትገዙ አሽትቱ፤ የነበረበትን ካላወቃችሁ ተዉት። ውኃው ጥርት ያለ ከሆነ እንደ ውኃ አጋር ያለውን ማከሚያ በጠርሙሱ ላይ በተጻፈው ልክ ጨምሮ 30 ደቂቃ መጠበቅ ነው። ድፍርስ ከሆነ መጀመሪያ ማስጠለልና ማጥለል ያስፈልጋል። ለመጠጥና ለምግብ ብቻ ለአንድ ሰው በቀን ስድስት ሊትር ብንይዝ፣ ስድስት ነፍስ ላለበት ቤት ለሦስት ቀን አምስት ተኩል ጀሪካን ይሆናል። ለውዱእ የሚለውን ለሚጨነቅ፣ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) በአንድ ሙድ፣ ማለትም ከሊትር ባነሰ ውኃ ውዱእ ያደርጉ እንደነበር እናስታውሰው። እኛ በቧንቧ ስንት እንደምናፈስ አላህ ይወቀው።

እህልን በተመለከተ የነቢዩላህ ዩሱፍ (ዐ.ሰ) ምክር እህሉን ከዛላው ሳይለዩ ማስቀመጥ ነበር። ዛሬ በባኮ በኩል የበቆሎው ጠላት ነቀዝ ነው። ፒክስ የሚባለው ከረጢት ውስጡ ሁለት ወፍራም ፕላስቲክ፣ ውጩ ማዳበሪያ ነው፤ እያንዳንዱ ለብቻው ጥብቅ ተደርጎ ሲታሰር ነቀዙ አየር አጥቶ ይሞታል፤ መድኃኒት አያስፈልገውም። እህሉ በደንብ መድረቅ አለበት፤ ፕላስቲኩም ቀዳዳ እንደሌለው ተነፍቶ ይታይ። በገበያ በፍሬ የሚሸጠውን የነቀዝ ክኒን ግን ሰው በሚተኛበት ቤት አታስገቡ! ከእርጥበት ጋር ሲገናኝ የሚያወጣው ጋዝ ሰው ይገድላል። በርካሽ መገኘቱ አያታላችሁ።

መብራት ሲጠፋ የሚመጣው ሌላው አደጋ ከሰል ነው። ላቀች ምድጃ ከሰል በመቆጠብ የተመሰገነ ነው፤ ነገር ግን ከሰል በየትኛውም ምድጃ ቢነድ ሽታ የሌለው መርዝ ያወጣል። በክረምት ብርድ በር ዘግቶ ከሰል አጠገብ መተኛት አልፎ ተርፎ የቤተሰብ ቀብር ያስከትላል። ስትተኙ መብራታችሁን አጥፉ፣ ዕቃችሁን ክደኑ የሚለው የረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ትእዛዝ ለኩራዝም ለከሰልም ለጀሪካንም ይሠራል።

የቀረውን ባጭሩ፦ በድንጋይ የሚሠራ ትንሽ ሬዲዮ፣ በዝርዝር የተቀመጠ ጥቂት ብር (በዚያ ሰኔ በስልክ ብቻ ገንዘብ የነበረው ተቸግሯል)፣ ለሕመምተኛ የሁለት ሳምንት መድኃኒት፣ በሶና ቆሎ። ከወንጪ ደጋ ዘመድ ያለው ቆጮ ይጨምር፤ ጉድጓድ ውስጥ ለወራት ይቆያል። ከዚህ አልፎ ሱቅ ማራገፍ ግን ጎረቤትን ማስራብ ነው። እኛም ባለፈው ዓመት ሁለተኛ ፋኖስ ስንገዛ አንዱ ከአጥር ማዶ ላሉት እናት እንዲሆን ተስማምተናል።

በቤታችን በወር አንድ ሐሙስ ማታ ቆጣሪውን እናጠፋለን፤ ልጆቹ ፋኖሱን፣ ውኃውንና ሬዲዮኑን በጨለማ ፈልገው ያመጣሉ። ባለፈው ሐሙስ ሁሉም ተገኘ፤ ክብሪቱ ብቻ አልተገኘም።