ሎንግቦርድ፦ ደኅንነቱ ከሳንቃው በታች ነው

ሎንግቦርድ ረዘም ያለ ሳንቃና አራት ጎማዎች ያሉት፣ ሰው ቆሞበት አስፋልት ላይ የሚነዳው የስኬትቦርድ ዓይነት ነው። መሪ የለውም፤ ፍሬንም አልተገጠመለትም። የሚታጠፈው ነጂው ክብደቱን ወደ ቀኝ ወይም ወደ ግራ ሲያዘነብል ነው፤ የሚቆመውም ነጂው በገዛ እግሩ ሲያቆመው ነው። ስለዚህ የነጂው ደኅንነት በአብዛኛው የተመሠረተው ዓይን በሚስበው የሳንቃ ሥዕል ላይ ሳይሆን ከሳንቃው በታች በተሰወሩት ሁለት የብረት ክፍሎችና አራት ጎማዎች ላይ ነው። እነዚህ ከነጂው ክብደትና ከሚነዳበት መንገድ ጋር ካልተስማሙ፣ በሜዳ ላይ ደስ የሚያሰኘው ሳንቃ በቁልቁለት ላይ አደጋ ይሆናል።

በኢትዮጵያ የስኬትቦርድ እንቅስቃሴ አዲስ አይደለም። በአዲስ አበባ በ2008 ዓ.ም (እ.ኤ.አ. 2016) የስኬት መጫወቻ ስፍራ ተከፍቶ በርካታ ታዳጊዎችን አሰባስቧል። በዓለም አቀፍ ደረጃም ስኬትቦርድ በቶኪዮ ኦሊምፒክ ለመጀመሪያ ጊዜ ከውድድር ዓይነቶች አንዱ ሆኗል። ሎንግቦርድ ግን ከመጫወቻ ስፍራ ይልቅ የመንገድ ነው። ከዘመድ በስጦታ የተላከለት ወይም ያገለገለ ሳንቃ የገዛ ወጣት የሚነዳው ከቤቱ ደጅ ባለው መንገድ ላይ ነው፤ ያም መንገድ የእግረኛ፣ የጋሪና የከብት መንገድም ነው።

ትራክ ምንድን ነው?

ከሳንቃው በታች ከፊትና ከኋላ የሚታሰሩት የብረት ክፍሎች ትራክ ይባላሉ። እያንዳንዱ ትራክ በአራት ቡሎን ከሳንቃው ጋር የሚያያዝ መሠረት፣ ጎማዎቹ የሚገቡበትን 8 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ዘንግ የያዘ ተሸካሚ ክንድ፣ ሁለቱን የሚያገናኝ አንድ ትልቅ ቡሎን፣ በዚህም ቡሎን ላይ የተሰኩ ሁለት ጎሚኒዎች አሉት። ነጂው ሲያዘነብል ጎሚኒው ይጨመቃል፤ ተሸካሚው ክንድም ወደዚያው ይዞራል። ክብደቱ ሲነሣ ጎሚኒው ተመልሶ ይለጠጥና ሳንቃውን ያቀናል።

ትራክ ሲመረጥ በቅድሚያ የሚታየው የትልቁ ቡሎን አቅጣጫ ነው። በመጫወቻ ስፍራ ሳንቃዎች ላይ ቡሎኑ ወደ ሳንቃው መካከል ያዘነበለ ነው። በአብዛኛው የሎንግቦርድ ትራክ ላይ ደግሞ በተቃራኒው ወደ ውጭ ይመለከታል። የመጀመሪያው ዝቅ ያለ በመሆኑ ለዝላይና ለፈጣን እጥፋት ይስማማል። ሁለተኛው ከፍ ያለ ቢሆንም መታጠፉ ቀስ በቀስና እኩል ስለሚጨምር ረዥም መንገድ ለሚሄድ ነጂ ይመረጣል።

ቀጥሎ የሚታየው የመሠረቱ ዲግሪ ነው። በሎንግቦርድ ትራክ ላይ የተለመደው 50 ዲግሪ ነው፤ ከ40 እስከ 45 ዲግሪ የሆኑም አሉ። ዲግሪው ከፍ ሲል ሳንቃው በትንሽ ዘንበልታ ብዙ ይታጠፋል፤ ዝቅ ሲል ደግሞ ለመታጠፍ ይዘገያል፤ በፍጥነት ላይ ግን ይረጋጋል። ለሜዳ መንገድና ለጀማሪ 50 ዲግሪ ጥሩ መነሻ ነው። ለቁልቁለት የሚዘጋጁ ልምድ ያላቸው ነጂዎች ግን ከኋላ ያለውን ትራክ ከፊተኛው ባነሰ ዲግሪ ይገጥማሉ፤ ይህም የኋላው ክፍል በፍጥነት ወቅት እንዳይወዛወዝ ይረዳል።

ስፋቱም ይታያል። ለሎንግቦርድ በብዛት የሚሠራባቸው 150 እና 180 ሚሊ ሜትር ስፋት ያላቸው ክንዶች ናቸው። ለሰፊ ሳንቃ ሰፊው፣ ለጠባብ ሳንቃ ጠባቡ ይስማማል። ጎማው ከሳንቃው ጠርዝ አልፎ በጣም ከወጣ የነጂውን እግር ይመታል፤ በጣም ወደ ውስጥ ከገባም ሚዛኑ ይላላል።

ትንሿ ጎሚኒ ትልቁን ሥራ ትሠራለች

አዲስ ትራክ ለመግዛት አቅም የሌለው ሰው በጥቂት ወጪ ሳንቃውን ሊለውጥ የሚችለው በጎሚኒ ነው። የጎሚኒ ጥንካሬ በቁጥርና «ኤ» በሚል ምልክት ይገለጻል። 78ኤ ለስላሳ ነው፤ 97ኤ ደግሞ ጠንካራ ነው። አዲስ ትራክ ይዞት የሚመጣው ብዙውን ጊዜ በመካከል ያለው ነው።

ምርጫው በነጂው ክብደት ይመራል። እንደ መነሻ ከ60 ኪሎ ግራም በታች ለሆነ ሰው ከ78ኤ እስከ 85ኤ፣ ከ60 እስከ 80 ኪሎ ግራም ለሆነ ከ85ኤ እስከ 90ኤ፣ ከዚያ በላይ ለሆነ ደግሞ ከ90ኤ ከፍ ያለ መሞከር ይቻላል። ለአዋቂ የተዘጋጀ ሳንቃ ለ40 ኪሎ ግራም ታዳጊ ሲሰጥ አልታጠፍ የሚለው፣ ታዳጊው ስላልቻለበት ሳይሆን ጎሚኒው ለእርሱ ክብደት ስለሚጠነክር ሊሆን ይችላል።

ቅርጹም ለውጥ ያመጣል። ሾጣጣው ጎሚኒ በቀላሉ ያዘነብላል፤ እንደ በርሜል ድፍን የሆነው ደግሞ ይቋቋማል፤ ይረጋጋልም። በሳንቃው በኩል ያለው ጎሚኒ ከመሬት በኩል ካለው ይልቅ በአነዳዱ ላይ የበለጠ ተጽዕኖ አለው። አንዱን ብቻ መቀየር የሚችል ሰው ከዚያኛው ቢጀምር ይመረጣል።

በብዛት የሚታየው ስሕተት ለስላሳን ጎሚኒ በዳዶ አጥብቆ ጠንካራ ለማድረግ መሞከር ነው። ጎሚኒው ተጨምቆ ወደ ጎን ካበጠ የመለጠጥ ኃይሉን ያጣል፤ በቶሎም ይሰነጠቃል። ብዙ ማጥበቅ ካስፈለገ መለወጥ ያለበት ጎሚኒው ነው። ዳዶው ከመጠን በላይ ሲላላም የቡሎኑ ጫፍ ከዳዶው ውስጥ ሊገባና ዳዶው እየሄደ ሊወልቅ ይችላል። የቡሎኑ ጥርስ ሁልጊዜ ከዳዶው አልፎ መታየት አለበት።

ጎማው ከመንገዱ ጋር ይስማማ

የስኬትቦርድ የመጀመሪያዎቹ ጎማዎች ከብረትና ከሸክላ የተሠሩ ነበሩ። ትንሽ ጠጠር ሳንቃውን በድንገት አቁሞ ነጂውን ወደፊት ይወረውረው ነበር። በ1970ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) አሜሪካዊው ፍራንክ ናስዎርዚ ከፖሊዩሬታን የተሠራ ጎማ ለገበያ ሲያቀርብ ይህ ተለወጠ። ፖሊዩሬታን እንደ ጎማ ይለጠጣል፤ እንደ ፕላስቲክም ይጠነክራል። ዛሬ የሚሸጡት ጎማዎች በሙሉ ማለት ይቻላል ከዚሁ የተሠሩ ናቸው።

ጎማ በሁለት ቁጥር ይመረጣል፤ በመጠኑና በጥንካሬው። የመጫወቻ ስፍራ ጎማ ከ50 እስከ 56 ሚሊ ሜትር ሲሆን ጥንካሬው ወደ 100ኤ ይጠጋል። ለለሰለሰ ኮንክሪት ይህ ጥሩ ነው፤ ጠጠር በበዛበት አስፋልት ላይ ግን አጥንት ድረስ ያንቀጠቅጣል። የሎንግቦርድ ጎማ ብዙውን ጊዜ ከ65 እስከ 75 ሚሊ ሜትር፣ ጥንካሬውም ከ75ኤ እስከ 86ኤ ነው።

ትልቅ ጎማ ጠጠርንና ስንጥቅን በቀላሉ ያልፋል፤ ከያዘውም ፍጥነት ቶሎ አይቀንስም። በአንጻሩ ለመነሣት ይዘገያል፤ ሳንቃውንም ከፍ ያደርገዋል። ለስላሳ ጎማ መንገዱን ይይዛል፤ ንዝረትንም ይውጣል። ጠንካራው ደግሞ በለሰለሰ መንገድ ላይ ይፈጥናል፤ በቀላሉም ወደ ጎን ይንሸራተታል። የጎማው ጠርዝ ሹል ሲሆን መሬት ይቆነጥጣል፤ ክብ ሲሆን ይለቃል። ጀማሪ ሰው የሚፈልገው የሚይዘውን እንጂ የሚለቀውን አይደለም።

ስለዚህ ጎማ ከመግዛት በፊት መንገዱን መመልከት ይገባል። እንደ ባሕር ዳር ሜዳማ በሆነ ከተማ፣ በደህና አስፋልት ላይ ለሚነዳ ሰው 70 ሚሊ ሜትርና 78ኤ የሆነ ጎማ ለብዙ ነገር ይበቃል። ሻካራ አስፋልት ላይ ከዚያም ተለቅ ያለ ይመረጣል። ኮብልስቶን ላይ ግን ትልቁና ለስላሳው ጎማ እንኳ ምቾት አይሰጥም፤ በድንጋዮቹ መካከል ያለው ክፍተት ጎማውን ይይዘዋል፤ ወርዶ በእግር ማለፍ ይሻላል።

ትልቅ ጎማ ሲገጠም አንድ ተጨማሪ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ሳንቃው ሲያዘነብል ጎማው ከሥሩ ከነካው በዚያች ቅጽበት ይቆማል፤ ነጂው ግን አይቆምም። ይህን ለመከላከል በትራኩና በሳንቃው መካከል ማሳረፊያ ማስገባት፣ ጎሚኒውን ማጠንከር ወይም ጎማውን ማሳነስ ይቻላል።

ኩሽኔታ፦ በቁጥር የሚገኝ ዕቃ

በእያንዳንዱ ጎማ ውስጥ ሁለት፣ በጠቅላላው ስምንት ኩሽኔታዎች አሉ። መለኪያቸው ዓለም አቀፍ ነው፦ የውስጥ ቀዳዳው 8፣ የውጭ ስፋቱ 22፣ ውፍረቱ 7 ሚሊ ሜትር ነው፤ መለያ ቁጥሩም 608 ይባላል። ይኸው ኩሽኔታ በልዩ ልዩ የኤሌክትሪክ መሣሪያዎች ውስጥም ስለሚገኝ፣ የስኬት ዕቃ ሻጭ በሌለበት ከተማ እንኳ ከኩሽኔታ ሻጮች ዘንድ በቁጥሩ መጠየቅ ይቻላል።

የኩሽኔታ ጠላቶች ውኃና አቧራ ናቸው። በዝናብ የተነዳ ሳንቃ ወዲያው መድረቅ አለበት። ሲቆሽሽ ጎማውን አውልቆ፣ ኩሽኔታውን በንጹሕ አልኮል አጥቦ፣ ፈጽሞ ካደረቁት በኋላ አንድ ሁለት ጠብታ ቀጭን የማሽን ዘይት መስጠት ይበቃል። የምግብ ዘይት አቧራ ይሰበስባል፤ ቆይቶም ይጣበቃል። ጎማው ሲመለስ ዳዶውን እስከ መጨረሻው አጥብቆ ጥቂት መልሶ ማላላት ያስፈልጋል፤ ጎማው በነፃነት እንዲዞር፣ ወደ ጎን ሲገፋም ለጆሮ ብቻ የሚሰማ ያህል እንዲንቀሳቀስ ነው።

በአንድ ጊዜ አንድ ነገር

አራሽ ማረሻውን በአንድ ትልም ሞክሮ፣ አስተካክሎ፣ እንደገና እንደሚሞክር ሁሉ የሎንግቦርድ ማስተካከልም በትዕግሥት የሚሠራ ነው። በመጀመሪያ ሳንቃው ላይ ቆሞ ወደ ሁለቱም ጎን በሙሉ ክብደት ማዘንበልና ጎማው ሳንቃውን አለመንካቱን ማረጋገጥ ይገባል። ቀጥሎ በሜዳ ላይ ቀስ ብሎ መንዳት ነው። ሳንቃው አልታጠፍ ካለ ትልቁን ዳዶ በሩብ ዙር ማላላት፣ ከተወዛወዘ በሩብ ዙር ማጥበቅ ያስፈልጋል። ከእያንዳንዱ ለውጥ በኋላ እንደገና መንዳት የግድ ነው። ጎሚኒውንና ጎማውን በአንድ ቀን የቀየረ ሰው ለውጡን ያመጣው የትኛው እንደሆነ ለማወቅ ይቸገራል። ብዙ ነጂዎች የፊተኛውን ትራክ ከኋለኛው ጥቂት ላላ ያደርጉታል፤ ይህም ሳንቃው ከፊት እንዲመራና ከኋላ እንዲረጋጋ ያግዛል።

በሜዳ ላይ የተስተካከለ ሳንቃ ለቁልቁለት ዝግጁ ነው ማለት አይደለም። ፍጥነት ሲጨምር ትንሿ የእግር እንቅስቃሴ ትልቅ እጥፋት ትሆናለች። ነጂው ያን ለማረም ሲሞክር በሌላው በኩል ያበዛዋል፤ ሳንቃውም ከቀኝ ግራ መርገብገብ ይጀምራል። በዚህን ጊዜ ሰው በደመ ነፍስ ወደ ኋላ ይለጠጣል፤ ይህ ግን መርገብገቡን ያብሰዋል። ትክክለኛው መንገድ ጉልበትን አጥፎ፣ ሰውነትን ሳያደርቁ ክብደትን ወደ ፊተኛው እግር ማዛወርና ፍጥነትን ቀስ በቀስ መቀነስ ነው።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን መቆም መማር ይገባል። ክብደትን በፊተኛው እግር ላይ አድርጎ የኋለኛውን እግር ጫማ በመሬት ላይ በቀስታ መጎተት የመጀመሪያው ትምህርት ነው። በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር የሚወርድ ነጂ በአንድ ሴኮንድ ከ8 ሜትር በላይ ይጓዛል። በዚያች ሴኮንድ በሬ መንገድ ሊያቋርጥ፣ ሕፃን ኳሱን ተከትሎ ሊገባ ይችላል። እንደ ጎንደር ባሉ ዳገታማ ከተሞች፣ ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ በሚወጣው በሐረጎ ዓይነት ጠመዝማዛ መንገድም ተሽከርካሪ እየተላለፈ ሎንግቦርድ መንዳት፣ ትራኩ ምንም ያህል ቢስተካከል፣ ሕይወትን ለአደጋ መስጠት ነው።

ያገለገለ ሳንቃ ሲገኝ

ያገለገለ ሳንቃ የሚገዛ ወይም በስጦታ የሚቀበል ሰው ከመንዳቱ በፊት አምስት ነገሮችን ቢመለከት መልካም ነው፦

- ተሸካሚው ክንድ መሰንጠቁን፤ ስንጥቅ ያለበት ክንድ በብየዳ ተጠግኖ መነዳት የለበትም
- ዘንጉ መጉበጡን፤ ጎማዎቹን አዙሮ በዓይን ማየት ይበቃል
- ጎሚኒው መቀደዱን ወይም መድረቁን
- ጎማው በአንድ በኩል ብቻ መበላቱን፤ ከተበላ የፊተኛውን ቀኝ ከኋለኛው ግራ፣ የፊተኛውን ግራ ከኋለኛው ቀኝ ጋር ማለዋወጥና ገጻቸውን ማዞር ዕድሜያቸውን ያራዝማል
- ሳንቃውን ከትራኩ ጋር የሚያያይዙት ስምንት ቡሎኖች መሟላታቸውንና መጥበቃቸውን

ወላጆችም ልጃቸው ሳንቃ ይዞ ሲወጣ ሊጠይቁት የሚገባው ምን ያህል እንደሚፈጥን ሳይሆን እንዴት እንደሚያቆም ነው። የራስ ቁር፣ የጉልበትና የክርን መከላከያ ከጎማውና ከትራኩ ጋር አብረው የሚታሰቡ ወጪዎች እንጂ በኋላ የሚጨመሩ አይደሉም። በጀት ካነሰ የሚቀነሰው ከሳንቃው ውበት ላይ ይሁን።