ኡምብሪያ፤ ከነቦምቧ በቀይ ባሕር የሰጠመችው የእንፋሎት መርከብ

ከፖርት ሱዳን ወደብ ወጣ ብሎ በሚገኘው ዊንጌት ሪፍ በተባለ የኮራል አለት ዳርቻ፣ ወደ ግራ ጎኗ አጋድላ የተኛች አንዲት የእንፋሎት መርከብ ትገኛለች። የታችኛው ክፍሏ እስከ 38 ሜትር ገደማ ጥልቀት ሲወርድ፣ የነፍስ አድን ጀልባዎች ይንጠለጠሉባቸው የነበሩት ብረቶቿ ግን እስከ ውኃው ገጽ ይደርሳሉ። ኡምብሪያ የተባለችው ይህች መርከብ በዓለም ጠላቂ ዋናተኞች ዘንድ ከታወቁት የቀይ ባሕር ስብርባሪዎች አንዷ ናት። ታሪኳ ግን ከመዝናኛነት አልፎ አገራችንንም የሚነካ ነው።

መርከቧ እ.ኤ.አ በ1911 በጀርመን ሐምቡርግ ከተማ ባሂያ ብላንካ በሚል ስም ተሠራች። በኋላ በአርጀንቲና እጅ ከቆየች በኋላ እ.ኤ.አ በ1935 የኢጣሊያ መንግሥት ገዝቶ ኡምብሪያ የሚል ስም ሰጣት፤ ወታደሮችንም ወደ ምሥራቅ አፍሪካ ቅኝ ግዛቶቹ ለማጓጓዝ አዋላት። ዘመኑ የፋሽስት ጦር በኢትዮጵያ ላይ የዘመተበት መሆኑን ልብ ይሏል።

እ.ኤ.አ በሰኔ 1940 መርከቧ ስዊዝ ካናልን ተሻግራ ወደ ደቡብ ስትጓዝ 360 ሺህ ያህል ቦምቦችን፣ የቦምብ መቀስቀሻዎችን፣ ሲሚንቶና ሦስት የፊያት አውቶሞቢሎችን ጭና ነበር። ከመዳረሻዎቿ መካከል ምጽዋና አሰብ ይገኙበታል። አርበኞች በየጫካው በሚዋደቁበት በዚያ ወቅት ቦምቦቹ ምጽዋ ቢራገፉ ኖሮ በማን ላይ ሊወርዱ ይችሉ እንደነበር ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ማስረዳት አያስፈልግም።

እንግሊዞች ጭነቱን ቢያውቁም ኢጣሊያ ገና ጦርነት ያላወጀች በመሆኗ መርከቧን ለመውረስ ሕጋዊ መሠረት አልነበራቸውም። በመሆኑም በፍተሻ ስም ፖርት ሱዳን አጠገብ መልሕቅ እንድትጥል አስገደዷት፤ ወታደሮቻቸውንም አሳፈሩባት። ሰኔ 3 ቀን 1932 ዓ.ም (እ.ኤ.አ ሰኔ 10 ቀን 1940) የመርከቧ አዛዥ ሎሬንዞ ሙዬሳን አገሩ ከእኩለ ሌሊት ጀምሮ ወደ ጦርነት እንደምትገባ በክፍሉ ካለው ሬዲዮ ሰማ። ፈታሾቹ ወሬውን ከመስማታቸው በፊት ሠራተኞቹ መርከብ የመልቀቅ ልምምድ እንደሚያደርጉ ነገራቸውና በስውር ውኃ እንድትሞላ አዘዘ። እንግሊዞች ነገሩን ሲረዱ ጊዜው አልፎ ነበር። ከመስጠም ባለፈ ጥይት አልተተኮሰባትም፤ ጭነቷም እንዳለ ቀረ።

ኦስትሪያዊው የባሕር ተመራማሪ ሐንስ ሐስ እ.ኤ.አ በ1949 ጠልቆ ከጎበኛትና ስለ እርሷ ከጻፈ በኋላ ዝናዋ በዓለም ተሰማ።

እዚህ ላይ ስለ ጠለቃው ጥቂት ማብራራት ያስፈልጋል። ጠላቂው በጀርባው የሚሸከመው በተለምዶ እንደሚባለው ኦክስጅን ሳይሆን በአብዛኛው የታመቀ ተራ አየር ነው። በየ10 ሜትሩ ግፊቱ በአንድ አትሞስፌር ስለሚጨምር፣ በ30 ሜትር ጥልቀት ላይ ያለ ሰው በውኃው ገጽ ላይ ከሚፈጀው አራት እጥፍ አየር ይፈጃል። በዚሁ ግፊት ናይትሮጅን በደሙና በሕብረ ሕዋሱ ውስጥ ይሟሟል፤ ጠላቂው በፍጥነት ከወጣ ናይትሮጅኑ አረፋ ሆኖ ሽባ ሊያደርገው ወይም ሊገድለው ይችላል። ስለዚህ ቀስ ብሎ መውጣትና 5 ሜትር ገደማ ላይ ለሦስት ደቂቃ ያህል ማረፍ የተለመደ ጥንቃቄ ነው። በመርከብ ሆድ ውስጥ ደግሞ በቀጥታ ወደ ላይ መውጣት አይቻልም፤ በክንፍ የተቀሰቀሰ ደለልም መውጫውን ይሰውራል። የኡምብሪያ ተፈላጊነት አንዱ ምክንያት አብዛኛው አካሏ ጥልቀት በሌለው፣ ብርሃን በሚደርስበት ውኃ ውስጥ መሆኑ ነው።

አስቸጋሪው ጥያቄ ቦምቦቹን ይመለከታል። ማውጣት ቀላል መፍትሔ ሊመስል ይችላል። ይሁን እንጂ እ.ኤ.አ በ1967 በእንግሊዝ ደቡባዊ ጠረፍ ኪየልስ የተባለችውን ጥይት የጫነች የፖላንድ መርከብ ለማንሳት ሥራ ሲካሄድ መርከቧ ፈንድታ፣ እንደ መሬት መንቀጥቀጥ በመሣሪያ የተመዘገበ ንዝረት ፈጥራለች። በቴምስ ወንዝ መግቢያ እ.ኤ.አ በ1944 ከሰጠመችው ከሪቻርድ ሞንትጎመሪ ላይ የቀረውን 1 ሺህ 400 ቶን ያህል ፈንጂ በተመለከተ ግን የእንግሊዝ መንግሥት ስፍራውን አጥሮ ማንም እንዳይቀርብ ከልክሏል። በኡምብሪያ ላይ የተወሰደው መንገድ ሦስተኛው ነው፦ ቦምቦቹ ባሉበት ቀሩ፣ ጎብኚውም ተፈቀደለት። ይህ አሠራር የሚያዛልቀው ጎብኚው ምንም ሳይነካ የሚመለስ ከሆነ ብቻ ነው።

ዩኔስኮ እ.ኤ.አ በ2001 ያጸደቀውና በ2009 ሥራ ላይ የዋለው የውኃ ውስጥ ባህላዊ ቅርስ ጥበቃ ኮንቬንሽንም ቅርስን ባለበት ስፍራ መጠበቅን ቀዳሚ አማራጭ ያደርጋል፤ ለንግድ መበዝበዝንም ይከለክላል። ኃላፊነት የተሞላበት ጉብኝትን ግን ያበረታታል። ኮንቬንሽኑ የሚመለከተው ቢያንስ 100 ዓመት በውኃ ውስጥ የቆዩትን ሲሆን፣ ኡምብሪያ ይህን ዕድሜ የምትደፍነው እ.ኤ.አ በ2040 ነው።

በሱዳን እ.ኤ.አ በሚያዝያ 2023 የተቀሰቀሰው ጦርነት የጠለቃ ቱሪዝሙን ክፉኛ ጎድቶታል። በየወቅቱ እየወረዱ የመርከቧን ሁኔታ የሚያዩትና ፎቶግራፍ የሚያነሱት በአብዛኛው እነዚሁ ጎብኚዎች ነበሩ።