ጨጓራ እሪ ሲል

እሪ በከንቱ ስሟን ያገኘችው፣ በቀማኛ እጅ የወደቀ ሰው እሪ ቢል የሚደርስለት ከማጣቱ የተነሣ ነው ይባላል። የእኛም ጨጓራ እሪ ሲል የምናደርግለት ብዙ ጊዜ እንዲሁ ከንቱ ነው። ከሰፈሩ ዳገቱን ወጥተን ወደ አራዳ መድኃኒት ቤት ገብተን «የጨጓራ መድኃኒት» እንላለን፤ የትኛውን እንደሆነ ግን አንለይም። መድኃኒቶቹ ግን ባመዛኙ ሦስት ወገን ናቸው፤ ሥራቸውም ለየቅል ነው።

አንታሲድ የሚባለው፣ የሚታኘከው ክኒን ወይም ነጩ ፈሳሽ፣ አስቀድሞ የተመረተውን አሲድ ያከሽፋል። በደቂቃዎች ውስጥ ያሳርፋል፤ ጨጓራው ግን ማመንጨቱን ስለማይተው ፋታው አጭር ነው። በውስጡ ካሉት ማግኒዚየሙ ሆድ ያላላል፣ አሉሚኒየሙ ያደርቃል፤ ስለዚህም ነው ብዙ ጊዜ ተቀላቅለው የሚመጡት። ዶክሲሳይክሊን ወይም ሲፕሮፍሎክሳሲን የታዘዘለት ጓደኛችን በአንድነት አይዋጣቸው፤ አንታሲዱ አስሮ ወደ ደም እንዳይገቡ ይከለክላቸዋልና።

ሲሜቲዲንና ፋሞቲዲን፣ ሂስታሚን የተባለው ንጥረ ነገር ለጨጓራ «አሲድ አመንጭ» ሲል የሚያደርሰውን መልእክት ይጋርዳሉ። ዘግየት ብለው ይጀምሩና ለሰዓታት ይቆያሉ፤ ለሌሊት ቃጠሎ ይበጃሉ።

የምንበድለው ኦሜፕራዞልን ነው። እርሱ አሲዱን የሚያፈሱትን ፓምፖች ራሳቸውን ይዘጋል። ፓምፖቹ በብዛት የሚነቁት ምግብ ሲመጣ ነውና ከመብላት ከ30 እስከ 60 ደቂቃ ቀድሞ መዋጥ አለበት። እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾም ሰው በውሃ ውጦት ግማሽ ሰዓት ከእንጀራው ይታገሥ፤ ምክሩ ጨካኝ መሆኑን እናውቃለን። ሙሉ ኃይሉን የሚያሳየውም ከጥቂት ቀናት በኋላ ነው። እኛ ግን ሽሮው ካቃጠለን በኋላ አንዷን እንክብል ውጠን «አይሠራም» እንላለን። እንክብሉን ከፍቶ በውስጡ ያሉትን ፍሬዎች የሚያኝክም አይተናል፤ ልባሳቸው ከተሰበረ አሲዱ ራሱ መድኃኒቱን ያበላሸዋል።

ደግሞም ሦስቱም አሲድን እንጂ መንስኤውን አይነኩም። አንድ ጓደኛችን በፈተና ሰሞን ለራስ ምታት ዳይክሎፌናክ፣ ለቃጠሎው አንታሲድ እያለ ሰነበተ፤ ዓይነ ምድሩ እንደ ሬንጅ ሲጠቁር ነው ሐኪም ቤት የሄደው። ጨጓራው ደምቶ ነበር።

ሌላው መንስኤ ሄሊኮባክተር ፓይሎሪ የተባለው ባክቴሪያ ነው፤ ይህን ያሳወቁት አውስትራሊያውያን ባሪ ማርሻልና ሮቢን ዋረን እ.ኤ.አ. በ2005 የኖቤል ሽልማት ተቀብለዋል። እርሱን የሚያጠፋው ከአሲድ መቀነሻ ጋር በሐኪም የሚታዘዝ ፀረ ባክቴሪያ ነው። ለዚሁ ዓይነ ምድር የሚያስመረምር ሰው ኦሜፕራዞል እየወሰደ ከሆነ ለሐኪሙ አስቀድሞ ይንገር፤ ሁለት ሳምንት ያህል ካላቋረጠው ባክቴሪያው እያለ ምርመራው «የለም» ሊል ይችላል።