ለሕብረት ሥራ ማኅበር አነስተኛ ትራክተር ሲገዛ የትኛው ካምቢዮ ይመረጥ?

በነቀምቴ ከተማ ቡርቃ ጃቶ ከአንድ የገበሬዎች ሕብረት ሥራ ማኅበር የግዥ ኮሚቴ ጋር ተቀምጠን ነበር። ማኅበሩ ከአባላቱ ባሰባሰበው ገንዘብና በብድር ባለ 30 የፈረስ ጉልበት ትራክተር ለመግዛት ተዘጋጅቷል። በጠረጴዛው ላይ ሁለት የዋጋ ማቅረቢያዎች አሉ። አንደኛው ትራክተር በማርሽ የሚሠራ ሲሆን ሁለተኛው ሃይድሮስታቲክ ነው። ስለ ሁለተኛው ሻጩ «ማርሽ መቀየር የለ፣ ፍሪሲዮን የለ፤ ፔዳል መርገጥ ብቻ ነው» ብሏቸዋል። ወጣቶቹ የኮሚቴ አባላት ወደዚሁ አዘነበሉ። አንድ ሽማግሌ ግን ወደ እኔ ዞረው «ልጄ፣ ዝናቡ ገብቶ መሬቱ ለእርሻ በደረሰ ጊዜ ቢቆምብን ማን ይፈታዋል?» ሲሉ ጠየቁ።

ጥያቄው ተገቢ ነው። በ2011 ዓ.ም. የገንዘብ ሚኒስቴር የእርሻ መሣሪያዎች ከቀረጥ ነጻ እንዲገቡ ከፈቀደ ወዲህ ለገበሬው የሚቀርበው የትራክተር ዓይነት በዝቷል። ገዢው አብዛኛውን ጊዜ የሚጠይቀው ስለ ፈረስ ጉልበትና ስለ ዋጋ ነው። ይሁን እንጂ የሞተሩ ጉልበት ወደ ጎማው የሚደርሰው በካምቢዮ በኩል ስለሆነ፣ ካምቢዮው ለሥራው ካልተስማማ የተገዛው ጉልበት በከንቱ ይባክናል።

የካምቢዮ ዓይነቶች

1. ተራ የማርሽ ካምቢዮ። ማርሽ ለመቀየር ፍሪሲዮን ተረግጦ ትራክተሩ መቆም አለበት። አሠራሩ ቀላልና ጠንካራ ነው። በአገራችን ብዙ ያገለገለው ማሲ ፈርጉሰን 135 በመደበኛ አሠራሩ 6 የፊትና 2 የኋላ ማርሽ ያለው ነበር። ዛሬ ከቻይና የሚመጡት ባለ 12 እና ባለ 15 የፈረስ ጉልበት ባለ ሁለት ጎማ ትራክተሮችም አብዛኛዎቹ በዚሁ መንገድ 6 የፊትና 2 የኋላ ማርሽ አላቸው።

2. ሲንክሮናይዝድ ካምቢዮ። የሚገናኙትን ጥርሶች ፍጥነት አስቀድሞ የሚያስተካክል ቀለበት ስላለው ትራክተሩ እየሄደ ማርሽ መቀየር ይቻላል። ፊትና ኋላን በአንድ ዘንግ የሚለዋውጠው «ሻትል» የሚባለው ዓይነት በጠባብ ማሳ ጫፍ ላይ ሲዞሩ ብዙ ጊዜ ያተርፋል።

3. ሃይድሮስታቲክ። በሞተሩ የሚሽከረከር ፓምፕ ዘይትን በከፍተኛ ግፊት ወደ ሃይድሮሊክ ሞተር ይልካል፤ ይህም ጎማውን ያዞራል። ፍጥነቱ በፔዳል ከዜሮ ጀምሮ ያለ ደረጃ ይጨምራል። ሣር ለማጨድ፣ አፈርና ፍግ ለመጫን፣ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ዘወትር ለሚመላለስ ሥራ እጅግ ምቹ ነው። ለጀማሪ ነጂም ቀላል ነው።

ጉልበቱ የት ይሄዳል?

ነቀምቴ ከባሕር ወለል በላይ 2,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ትገኛለች። በከፍታ ቦታ አየሩ ስለሚሳሳ ቱርቦ የሌለው የናፍጣ ሞተር በየ100 ሜትሩ ከጉልበቱ 1 በመቶ ያህል ያጣል። ስለዚህ 30 የፈረስ ጉልበት ተብሎ የተሸጠው ሞተር እዚህ የሚሰጠው 24 ገደማ ነው።

ደህና የማርሽ ካምቢዮ ከተቀበለው ጉልበት 90 በመቶ ያህሉን ያስተላልፋል፤ ይህም ወደ 22 የፈረስ ጉልበት ይሆናል። ሃይድሮስታቲክ በከባድ ጭነት ጊዜ የሚያስተላልፈው 75 በመቶ ያህል ብቻ ስለሆነ 18 ይቀራል። የጎደለው ወደ ሙቀት ተለውጦ ዘይቱን ያግላል። ልዩነቱ በሣር ማጨድ ላይ አይታይም። ማረሻ በወለጋ ቀይ ሸክላማ አፈር ውስጥ ሲገባ ግን ይታያል። በእርሻ ወራት ደግሞ ትራክተሩ በቀን 8 ሰዓት የሚውለው በዚሁ ሥራ ላይ ነው።

ማርሽ ሲቆጠር

ሻጩ «12 ማርሽ አለው» ቢል አይበቃም። ቤላሩስ ኤም.ቲ.ዜ. 80 ትራክተር 18 የፊት ማርሽ ነበረው፤ ዋናው ነገር ግን ስንቱ ለማሳ ሥራ ይውላል የሚለው ነው። ማረሻ በሰዓት ከ4 እስከ 7 ኪሎ ሜትር፣ ሮታቬተር ከ2 እስከ 4 ኪሎ ሜትር ይፈልጋል። ከመግዛት በፊት የፍጥነቱን ሠንጠረዥ ጠይቁ። በእነዚህ ፍጥነቶች መካከል ቢያንስ ሦስት አራት ማርሽ ከሌለ፣ የቀረው ብዛት ለመንገድ ብቻ የሚሆን ነው።

ምሳሌ እንውሰድ። ማረሻው ግማሽ ሜትር ስፋት ቢያርስና ከሰዓቱ 75 በመቶው በእውነተኛ እርሻ ቢያልፍ፣ በሰዓት 4 ኪሎ ሜትር በ8 ሰዓት 1.2 ሄክታር ይታረሳል። በሰዓት 5 ኪሎ ሜትር ከሆነ 1.5 ሄክታር ይሆናል። በ20 የእርሻ ቀን ልዩነቱ 6 ሄክታር ነው። ይህም የብዙ አባላት ማሳ ማለት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ይባል። ማረሻ አፈር ውስጥ እያለ ፍሪሲዮን ሲረገጥ ትራክተሩ ወዲያው ይቆማል። ስለዚህ ሲንክሮ ለእርሻው ራሱ የሚጨምረው ጥቅም ጥቂት ነው። ጥቅሙ በማሳ ጫፍ ሲዞሩና በመንገድ ተሳቢ ሲጎትቱ ነው። ማኅበሩ ማዳበሪያና እህል ለማመላለስ ካሰበ ለሲንክሮ መክፈሉ ተገቢ ነው።

ስለ ፒ.ቲ.ኦ. አይረሳ

የበቆሎ መፈልፈያና መውቂያ የሚዞሩት በፒ.ቲ.ኦ. ዘንግ ነው፤ የተለመደው ፍጥነትም በደቂቃ 540 ዙር ነው። ፍሪሲዮኑ ባለ አንድ ደረጃ ከሆነ ትራክተሩ በቆመ ቁጥር መሣሪያውም ይቆማል። ባለ ሁለት ደረጃ ከሆነ ግን ግማሽ ሲረገጥ ጎማው ቆሞ ፒ.ቲ.ኦ.ው መዞሩን ይቀጥላል። ሮታቬተር ለሚጎትት ይህ ልዩነት ትልቅ ነው። ሲገዛ በዓይን ታይቶ ይፈተን።

ሲበላሽስ?

በማርሽ ካምቢዮ ላይ ቶሎ የሚያልቀው የፍሪሲዮን ሸራ ነው። እርሱን የሚቀይር ሜካኒክ በነቀምቴም ሆነ በሌሎች የወለጋ ከተሞች ይገኛል። የጭነት መኪና ካምቢዮ የሚፈታ ሰው የትራክተሩንም አሠራር ይረዳዋል። የሃይድሮስታቲክ ፓምፕ ግን በጣም በጠበበ ልክ የተሠራ ስለሆነ ንጹሕ ቦታ፣ መለኪያ መሣሪያና የሠለጠነ እጅ ይፈልጋል። ዘይቱና ፊልትሮው ፋብሪካው ያዘዘው ዓይነት መሆን አለበት። ዘይት ሲጨመር የገባ ጥቂት አቧራ ፓምፑን ይጨርሰዋል። ዘይቱን ከክፍት በርሜል በጣሳ እየቀዱ መሙላት በተለመደበት ቦታ ይህ መሣሪያ ዕድሜ አይኖረውም።

ቁልቁለት ላይ ጥንቃቄ

በየትኛውም ካምቢዮ ቢሆን ተሳቢ ጭኖ ቁልቁለት የሚወርድ ነጂ ዳገቱን በሚወጣበት ማርሽ ይውረድ። ማርሽ ከቁልቁለቱ በፊት ይመረጥ፤ መካከል ላይ አይቀየር። ናፍጣ ለመቆጠብ ማርሹን ፍሪ አድርጎ መውረድ ሕይወት ያስከፍላል። ሃይድሮስታቲክ ፔዳሉ ሲለቀቅ ትራክተሩን ያቆመዋል፤ ዳገት ላይ ግን ለብዙ ጊዜ አይይዘውም። ስለዚህ የእጅ ፍሬን ሳይያዝ ከመቀመጫ መውረድ ክልክል ነው።

የኤክስቴንሽን ሠራተኛው ተግባር

ከግዥው በፊት ከኮሚቴው ጋር የሚከተሉትን ይፈጽም።

ሀ. ትራክተሩ በዓመት ስንት ቀን እንደሚያርስ፣ ስንት ቀን እንደሚያመላልስና ስንት ቀን እንደሚወቃ በወረቀት ይጻፍ።

ለ. ትራክተሩ በሻጩ ግቢ ሳይሆን በአባል ማሳ ላይ፣ ከማረሻው ጋር፣ ቢያንስ ለሁለት ሰዓት ይሞከር። የካምቢዮው ሙቀትና ድምፅ ይታይ።

ሐ. የፍሪሲዮን ሸራ፣ የፊልትሮና የዘይት ዋጋ፣ መገኛ ቦታና መምጫ ጊዜ በጽሑፍ ይጠየቅ።

መ. ሁለት ነጂዎች ተመርጠው ይሠልጥኑ። እግሩን ፍሪሲዮን ላይ አሳርፎ የሚነዳ ሰው ሸራውን ያቃጥላል።

የቡርቃ ጃቶው ኮሚቴ ይህንኑ ሥራ ሠርቶ ሲጨርስ ከሥራው ቀናት የሚበዙት የእርሻ ሆነው አገኛቸው፤ የቀሩትም በመንገድና በበቆሎ ፍልፈላ የሚያልፉ ናቸው። ስለዚህ ባለ ሻትል፣ ባለ ሁለት ደረጃ ፍሪሲዮን የማርሽ ትራክተር መረጠ። ከዋጋው ልዩነት የተረፈውም ለአንድ ሙሉ የፍሪሲዮን ዕቃ መግዣ ተያዘ። ሥራው ጭነትና ሣር ማጨድ የሆነ፣ አስተማማኝ የጥገና ውል ያገኘ የወተት ከብት ማኅበር ቢሆን ኖሮ ሃይድሮስታቲኩን መምረጡ ስሕተት ባልሆነም ነበር።

ሽማግሌው በመጨረሻ «እንግዲህ እንደ በሬ ነው፤ ጥንካሬው ብቻ ሳይሆን ለየትኛው መሬት እንደሚሆን አይቶ መግዛት ነው» አሉ። ከዚህ የተሻለ ማጠቃለያ የለኝም።