አሮጌ ጨዋታ በአዲስ መኪና

ባለፈው ሰሞን አንድ ጓደኛችን ባትሪው በሞተ ላፕቶፕ ላይ ከምሽቱ 2 ሰዓት እስከ ሌሊቱ 7 ሰዓት አንድ የሱፐር ኒንቴንዶ ጨዋታ ሲጫወት ቆይቶ መብራት ጠፋ። በጨዋታው ውስጥ ሦስት ጊዜ «አስቀምጥ» ብሎ ነበርና አልደነገጠም። በማግሥቱ ቢከፍተው ግን አምስት ሰዓት ሙሉ የደከመበት ነገር የለም። ጥፋቱን በጨዋታው ቅጂ ላይ ያላከከው ብዙ ነው፤ እኛም ከነዚሁ መካከል ነበርን። ነገሩን ስንመረምር ምክንያቱ ሌላ ኾኖ ስለ ተገኘ፥ ሌላው ጓደኛም እንዳይቸገር የአሮጌ ጨዋታዎች አስመሳይ እንዴት እንደሚሰናዳ ከሥሩ ጀምረን ለመጻፍ ወደድን። ዓመታቱ እንደ አውሮጳ አቈጣጠር ናቸው።

ኢሙሌተር ማለት አንዱን መኪና ሌላውን መስሎ እንዲሠራ የሚያደርግ ፕሮግራም ነው። በ1989 የወጣው ጌም ቦይ ፕሮሰሰሩ በሰከንድ አራት ሚሊዮን ጊዜ ያህል ይመታ ነበር፤ ማያውም 160 በ144 ነጥብ ብቻ ነበር። የዛሬው ላፕቶፕ በቢሊዮን የሚቈጠር ይመታል፤ ስለዚህ የአሮጌውን ፕሮሰሰር ትእዛዝ አንድ ባንድ እያነበበ ወደ ራሱ ቋንቋ ቢመልስ እንኳ ጊዜ ይተርፈዋል። የ1994ቱ ፕሌይስቴሽንም ለእርሱ ሸክም አይደለም። በየሰፈሩ እየከፈልን ኳስ የተጫወትንበት ፕሌይስቴሽን 2 ግን ከበድ ይላል፤ ደካማ ላፕቶፕ ያለው ሰው ባይደክም ይሻላል።

ለጀማሪ የምንመርጠው ሬትሮአርች የተባለውን ነጻ ፕሮግራም ነው። እርሱ ራሱ መደርደሪያ እንጂ አጫዋች አይደለም፤ ጨዋታውን የሚያጫውቱት «ኮር» የሚባሉት ክፍሎች ናቸው፤ እነርሱም «ኦንላይን አፕዴተር» በሚለው ገጽ ይወርዳሉ። ለጌም ቦይ ጋምባቴ፥ ለሱፐር ኒንቴንዶ ኤስኔስ 9ኤክስ፥ ለጌም ቦይ አድቫንስ ኤምጂቢኤ ይበቃል። በሊኑክስ የሚሠሩት ከቻይና የሚመጡ የእጅ መጫወቻዎች፥ ለምሳሌ ሚዩ ሚኒ፥ ውስጣቸው ብዙውን ጊዜ ይኸው ሬትሮአርች ነው። አብሯቸው የሚመጣው ስም የለሽ ሜሞሪ ካርድ ግን ቶሎ ይበላሻልና፥ መጫወቻው በተገዛ ዕለት ያለውን ሁሉ ወደ ደኅና ካርድ መገልበጥ ነው።

ብዙ ሰው ተስፋ የሚቈርጠው ፕሌይስቴሽን ላይ ሲደርስ ነው። ይህ መኪና ሲበራ አስቀድሞ የሚያነበው ባዮስ የሚባል የራሱ ፕሮግራም አለው፤ አንዳንዱ ኮርም ያንኑ ይፈልጋል። ፋይሉ «ሲስተም» በተባለው ፎልደር ውስጥ በትክክለኛ ስሙ መቀመጥ አለበት፤ በሊኑክስ ላይ ትልቁና ትንሹ የላቲን ፊደል እንኳ ይለያያል። አለመኖሩን ኮሩ ራሱ በመረጃ ገጹ ላይ ይናገራል፤ እኛ ግን ይህን ሳናነብ ሁለት ሌሊት አባክነናል። የሲዲ ጨዋታም በሁለት ፋይል ሲመጣ፥ የሚከፈተው ትልቁ ሳይኾን «ኪው» የሚባለው ትንሹ ነው።

ይህ ሁሉ ሕጋዊ ነውን? ብለው የጠየቁን አሉ። ሶኒ የተባለው ኩባንያ የፕሌይስቴሽን አስመሳይ የሠራውን ኮኔክቲክስን ከስሶ ነበር፤ በ2000 የአሜሪካ የይግባኝ ፍርድ ቤት ለኮኔክቲክስ ፈረደ። እንግዲህ አስመሳዩን መሥራት በራሱ ወንጀል አልኾነም። ጨዋታው ግን የሠሪው ንብረት ነው፤ በእኛም አገር በአዋጅ ቍጥር 410/1996 (ይህ በእኛ አቈጣጠር ነው) የኮምፒዩተር ፕሮግራም ጥበቃ አለው። ካርትሪጁ ያለው ሰው በርካሽ መሣሪያ የራሱን ይገልብጥ፤ ደራሲዎች ራሳቸው በነጻ የሚያድሏቸው አዳዲስ የጌም ቦይ ጨዋታዎችም ሞልተዋል።

አሁን ወደ ጓደኛችን እንመለስ። በጥንቱ ካርትሪጅ ውስጥ አንዲት ትንሽ ባትሪ የምታኖረው የማስታወሻ ክፍል ነበረ፤ ተጫዋቹ «አስቀምጥ» ሲል የሚጻፈው በዚያ ላይ ነው። ሬትሮአርች ይህን ክፍል የሚያስመስለው በኮምፒዩተሩ ራም ላይ ሲኾን፥ ካልታዘዘ በቀር ወደ ዲስክ የሚጽፈው ጨዋታው ሲዘጋ ብቻ ነው። መብራት ከዚያ በፊት ከጠፋ፥ ሦስት ጊዜ ቀርቶ ሠላሳ ጊዜ ቢያስቀምጡ ዋጋ የለውም። መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ «ሴቲንግስ» ውስጥ «ሴቪንግ» የሚለውን ከፍቶ «ሴቭራም ኦቶሴቭ ኢንተርቫል» የሚለውን 10 ሰከንድ ላይ ማድረግ ነው።

ሁለተኛ ዓይነት ማስቀመጫም አለ፤ «ሴቭ ስቴት» ይሉታል። ይህ የመላው መኪና የዚያች ቅጽበት ፎቶግራፍ ነው፤ ከአስቸጋሪ ጠላት ፊት ቆሞ ለማንሣት ይመቻል። ነገር ግን ከተነሣበት ኮር ጋር የታሰረ ነው፤ ኮሩ ሲታደስ ወይም ወደ ሌላ ሲለወጥ እንቢ ሊል ይችላል። በጨዋታው ውስጥ የተቀመጠው ፋይል ግን ከላፕቶፕ ወደ እጅ መጫወቻ ቢገለበጥ በዚያም ይከፈታል። ስለዚህ ፎቶግራፉን ለዛሬ ምሽት፥ የጨዋታውን ማስቀመጫ ለከርሞ ማድረግ ይበጃል።

ጓደኛችን ቍጥሩን 10 ላይ አድርጎ ጨዋታውን እንደ ገና ጀምሮታል። በዚህ ሳምንት ሁለት ጊዜ መብራት ጠፍቶበታል፤ አሁን ሦስተኛው ከተማ ደርሷል።